በበር አልወጣም ያለው ቤት

መጀመሪያ ከቀለም ብሩሽ ላይ ጥቂት ፀጉር ይነጫል። ብሩሹ የእኔ ነው፤ ያስፈቀደኝ ሰው የለም። ፀጉሩ በወረንጦ አንድ በአንድ እየተለቀመ ነጭ ወረቀት ላይ ጫፍ ለጫፍ ይደረደራል። ከዚያ የስቴኪኒ ሹል ጫፍ ተቆርጦ ይጣልና የቀረው በብርጭቆ ወረቀት ይታሻል፤ እጀታ መሆኑ ነው። በመርፌ ጫፍ አንዲት ጠብታ ሙጫ ጣል ይደረግበታል። ፀጉሩ በእጀታው ዙሪያ ይጠመጠማል፣ በክር ይታሰራል፣ ትንፋሽ ይያዛል፣ ክሩ ይጠብቃል። የተረፈው በጥፍር መቁረጫ ይስተካከላል። በመጨረሻ ሁለት ጣቶች ከፍ አድርገው ወደ መስኮቱ ብርሃን ያዞሩታል። መጥረጊያ ነው። ከክብሪት እንጨት ቢበልጥ ጥቂት ነው።

የመጥረጊያው ሠሪ የቆሙበት ወለል ግን ከተጠረገ ሰንብቷል። ከጀርባቸው ካለው ወጥ ቤት ደግሞ ጭስ እየመጣ ነው።

«እትዬ፣ ሽንኩርቱ አረረ እኮ!» አልኩ፤ በአንድ ማጠፊያ ብቻ የተንጠለጠለውን የቁምሳጥን በር በትከሻዬ ደግፌ።

«ይሸተኛል።»

«ታዲያ አያወርዱትም?»

«አንዴ ቆየኝ፤ ሙጫው ይያዝልኝ።»

ዘመድ አዝማድ ባለበት ሁሉ አንድ እንዲህ ያለ ሰው አይታጣም። የእናንተው ምናልባት የተበላሸ ሬዲዮ ፈታትቶ አልጋ ላይ የሚያሰጣ አጎት ይሆናል፤ ወይም የገዛ ጣሪያው እያፈሰሰ ለርግብ ባለ ፎቅ ቤት የሚሠራ ጎረቤት። ምልክታቸው አንድ ነው። የትልቁን ዓለም ጣጣ እንደ ዝንብ በእጃቸው እሽ ይሉታል፤ ለትንሹ ዓለማቸው ግን ትዕግሥታቸው ማለቂያ የለውም። መብራት ቢጠፋ «ይመጣል» ብለው ይተኛሉ። ወረንጧቸው የጠፋ ቀን ግን ሰፈሩ ይታመሳል፣ ምንጣፍ ይነሣል፣ የሰው ኪስ ይበረበራል።

የእኛ ድርሻ የባለቤቴ ታላቅ እህት ናቸው። ጤና ጣቢያ ውስጥ የክትባት ክፍል ነርስ በመሆናቸው ሰው ሁሉ ሲስተር ይላቸዋል። እኔ ፊት ለፊት እትዬ እላቸዋለሁ፤ ዞር ሲሉ ደግሞ ክብርት ሲስተር፣ የሙጫ ጠቅላይ አዛዥ፣ የትንሿ ቤት ባለሙሉ ሥልጣን።

ትንሿ ቤት የቆመችው ከትልቁ ቤት ሳሎን ውስጥ፣ የምግብ ጠረጴዛ ሆኖ በተሠራ ጠረጴዛ ላይ ነው። ከኮምፔንሳቶ የተሠራች ባለ አንድ ፎቅ ናት። የፊት ግድግዳ የላትም፤ ክፍሎቿ በሙሉ ወለል ብለው ይታያሉ። ሳሎን አላት፣ ወጥ ቤት አላት፣ ፎቁ ላይ መኝታ ቤትና ገላ መታጠቢያ አላት። ሳህኖቿ የክትባት ብልቃጥ ክዳኖች ናቸው፤ ሰማያዊ ለቁርስ፣ ቀይ ለእንግዳ። ቧንቧዋ የእስክሪብቶ ጫፍ ነው። እንደ ትልቁ ቤት ቧንቧ አያንጠባጥብም፤ ውኃ ስለሌለው ይመስለኛል።

ሁሉም ነገር ከእውነተኛው አሥራ ሁለት እጅ ያንሳል። ይህ ሕግ ነው፤ ለዘመድ ተብሎ አይጣስም። አንድ ጊዜ ከወዳደቀ የዋንዛ ቁራጭ፣ ተጨንቄ ተጠብቤ፣ አንዲት በርጩማ ሠርቼ በስጦታ አቀረብኩ። ክብርት ሲስተር አመሰገኑ፣ ማስመሪያቸውን አወጡ፣ ለኩ፣ አጉሊ መነጽራቸውን ከዓይናቸው ላይ አነሡ።

«ቆንጆ ናት» አሉ። «ግን እሷ ላይ የሚቀመጠው ሰውዬ ቁመቱ ሦስት ሜትር ይሆናል። ሲገባ ጣሪያዬን ይነድልብኛል።»

በርጩማዋን ይዤ ተመለስኩ። ሃያ ዓመት በአናጺነት ስሠራ ደንበኛ ዕቃ የመለሰብኝ ያን ቀን ብቻ ነው።

የዘወትር ቃላቸው «አይነካም፣ አልደረቀም!» ነው። ገና ደጃፉን ስትረግጥ ትሰማዋለህ። ስለ ምን እንደሆነ አይነገርህም፤ ስለ ሁሉም ነገር ነው። አንድ ጊዜ ባለቤቴ አዳልጧት እንዳትወድቅ ግድግዳ ስትይዝ እንኳ «አይነካም፣ አልደረቀም!» ብለው ጮኸውባታል። ግድግዳው የተቀባው ባለቤቴ ሳትዳር ነበር።

የባለቤቴ ነገር ከተነሣ፣ ጉትቻዋ ጠፍቶባት ቤታችንን ገልብጣ ፈትሻ ነበር። አልጋ አነሳን፣ የማጠቢያውን ቱቦ ሳይቀር ፈታሁ። ከዚያ አንድ ቀን እህቷ ዘንድ ቡና ልትጠጣ ሄዳ ወደ ትንሿ ቤት አጎንብሳ ቆመች።

«እትዬ፣ ሳሎኑ ጣሪያ ላይ የተንጠለጠለው የእኔ ጉትቻ አይደለም?»

«ነበር» አሉ ክብርት ሲስተር። «አሁን መብራት ነው።»

«ከየት አገኘሽው?»

«ከሶፋዬ ሥር። አንቺ ነሽ የጣልሽው። ሌላኛው አለሽ አይደል?»

«አለኝ፤ ምነው?»

«አምጪዋ፤ መኝታ ቤቱ ጨለማ ነው።»

ሚስቴ እየተራገመች መጣች፤ በማግስቱ ሌላኛውንም ወሰደችላቸው።

ባለቤታቸው ጋሼ የረጅም መንገድ አውቶቡስ ሾፌር ናቸው፤ ትከሻቸው በር የሚሞላ፣ ድምፃቸው የማይሰማ ሰው። ጠረጴዛው ከተወረሰ ወዲህ የሚበሉት በልብስ መተኮሻ ሰሌዳው ላይ ነው፣ ቆመው። «ከፍታው ልክ ነው፤ ለወገብም ጥሩ ነው» ይላሉ። የሚያሳዝናቸው ሌላ ነው። አንድ ምሳ ሰዓት ሳሎን ውስጥ አስነጠሱ፤ የእንግዳ ሳህኖቹ በሙሉ ከመደርደሪያው ተነሥተው ሶፋ ሥር ገቡ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማስነጠስ ደጅ ነው። ጋሼ አፍንጫቸውን ጨብጠው እየሮጡ ሲወጡ ያየ መንገደኛ ቤቱ የተቃጠለ ይመስለዋል። አንዳንዴም አይሳሳትም፤ ሽንኩርት አለ።

«ስልሳ ሰው ጭኜ በገደል አፋፍ ስነዳ እንዲህ ተጠንቅቄ አላውቅም» አሉኝ አንድ ቀን፣ ሳሎናቸውን በጫማቸው ጫፍ ሲያቋርጡ።

ከሁሉ ግን የወንበሩ ነገር ይብሳል። ክብርት ሲስተር አንድ ጠዋት ከሥራ በፊት የወንበር መደገፊያ ሲያጣብቁ አውራ ጣታቸው አብሮ ተጣበቀ። በውኃ አልለቅ አለ። ያን ቀን ደግሞ የጤና ጣቢያው ጠቅላላ ስብሰባ ነበር። ወንበሩን በመሐረብ ሸፍነው ሄዱና ከኋላ ተቀመጡ። ክርክር ሲነሣ ነገር አላስችል አላቸው፤ እጃቸውን አወጡ። የትኛው እጅ እንደሆነ ረስተዋል። በአውራ ጣታቸው ላይ፣ ከሁሉም ራስ በላይ፣ አራት እግር ያላት፣ መደገፊያዋ የተጠረበ ወንበር ቆማለች።

«ሲስተር፣ እሱ ምንድን ነው?» አሉ ሰብሳቢው።

«መቀመጫ አይበቃም ሲባል ሰምቼ ይዤ መጣሁ።»

ወንበሯ በሞቀ ዘይት ታሽታ የለቀቀችው ከሰዓት በኋላ ነው። የጣታቸው ቆዳ ተልጦ ነበር። የመጀመሪያ ጥያቄያቸው «እግሯ ተነቃነቀ?» የሚል ነበር።

እኔ በተግባር የማምን ሰው ነኝ። ወንበር ማለት የሚቀመጡበት ነው፤ ጠረጴዛ ማለት የሚበሉበት ነው። ስለዚህ የክብርት ሲስተር ነገር ለረጅም ጊዜ አልገባኝም ነበር። የገባኝ ቧንቧው የፈነዳ ዕለት ነው።

ስልክ ደወለ። «አናጺው! ቶሎ ድረስልኝ፤ ውኃው ቤቱ ጋ ሊደርስ ነው!»

በሩጫ ሄድኩ። ስገባ ምንጣፉ ይዋኛል፣ የጋሼ ነጠላ ጫማ ከወጥ ቤት ወደ ሳሎን በራሱ ጉዞ ጀምሯል።

«እትዬ፣ ውኃው እኮ ቤቱን ሞልቶታል! ሊደርስ ነው ያሉኝ የቱ ጋ ነው?»

«እዚህ ጋ ነዋ!» አሉ፤ ጉልበታቸው ድረስ ረጥበው፣ የጠረጴዛውን እግር በጡብ ከፍ እያደረጉ። ትንሿ ቤት ደረቅ ናት። ከበላይዋ ደግሞ ጃንጥላ ተዘርግቶላታል። ከላይ የሚወርድ ውኃ አልነበረም፤ ምናልባት ብለው ነው።

ዋናውን ዘጋሁ። ከዚያ ሁለታችንም ወለሉን ስናደርቅ፣ እንደማልቆጣቸው አውቀው ይሁን ደክሟቸው፣ ትንሽ ለስለስ ያሉ መሰለኝ።

«እትዬ፣ አንድ ነገር ልጠይቅ። ይህ ሁሉ ልፋት ለማን ነው? ልጆችዎ አድገው ሄደዋል።»

ጨርቁን ጨመቁ። «አንተን ልጆች ሲያዩህ ምን ያደርጋሉ?»

«ምን ያደርጋሉ? ምንም።»

«እኔን ሲያዩኝ ያለቅሳሉ። ባለፈው ሱቅ ቆሜ አንዲት ሕፃን አየችኝ። ጋወን የለኝም፣ ነጠላ ጫማ አድርጌያለሁ። ‹ሲስተር መርፌ!› ብላ ክንዷን ሸፍና እናቷ ቀሚስ ሥር ገባች። እኔ ቲማቲም ልገዛ ነው የሄድኩት።»

ሳቄ መጣ፤ ፊታቸውን አይቼ መለስኩት።

«ማልቀሱስ ይሁን፣ ለምጄዋለሁ» አሉ። «ባለፈው ዙር ግን አንዲት እናት ልጇ እንደዚያ ሲንፈራፈር አንጀቷ አልችል አለ። ከበር ይዛው ተመለሰች። ሳይከተብ ቀረ። አየህ፣ በሽታው ይሉኝታ የለውም። ልጁ ስላለቀሰ አዝኖ አይተወውም።» ጨርቁን እንደገና ጨመቁ፤ የሚወጣ ውኃ አልነበረውም። «የሚጠብቁበት ክፍል ውስጥ አንድ አግዳሚ ወንበር አለ፤ ፊት ለፊቱ ግድግዳ ላይ የበሽታ ሥዕል ተለጥፏል። ልጁ እሱን እያየ፣ ከውስጥ የሌላውን ልጅ ጩኸት እየሰማ ነው ተራውን የሚጠብቀው። እኔም ብሆን አለቅሳለሁ። አሁን ከመስኮቱ ሥር ቦታ ሰጥተውኛል። ሰኞ ዘመቻው ይጀምራል። ቤቷ ሰኞ ጠዋት እዚያ መኖር አለባት።»

መወልወያውን አነሣሁ።

በዚያ ሳምንት ትንሿ ቤት ታምር ታየባት፤ ትልቁ ቤት ደግሞ ተራቆተ። ትንሿ ቤት መጋረጃ አገኘች፤ ትልቁ ቤት መጋረጃ አጣ፣ ጨርቁ ያው ነው። ትንሿ ቤት ለስላሳ የሳሎን ምንጣፍ ተነጠፈላት፤ የጋሼ የክረምት ካልሲ ነጠላ ቀረ። ቁምሳጥኑን ላጠናቅቅ ስሄድ የቆጠርኳቸው ብሎኖች ጎድለው አገኘኋቸው፤ አልጠየቅሁም። ብሎኖቹ የአልጋ እግር ጌጥ ሆነው አየኋቸው። ዓርብ ዕለት ክብርት ሲስተር ቤት ያለ ግቢ ቤት አይባልም አሉና ከበረንዳው ፊት የአትክልት ቦታ ጨመሩ፤ ሣሩ ከተፈጨ ስፖንጅ፣ አበባው ከባለቀለም ወረቀት። በጣም አምሯል። እኔ ራሴ አምሯል ብያለሁ፤ አልክድም።

እሑድ ረፋድ የጋሼ ባልደረባ ፒካፑን ደጅ ላይ አቆመ። ትንሿ ቤት በብርድ ልብስ ተጠቀለለች። እኔና ጋሼ ግራና ቀኝ ያዝን። ክብርት ሲስተር ወደ ኋላ እየተራመዱ ከፊታችን ይመሩናል።

«ቀስ! ጭስ መውጫውን! ኧረ አንተ፣ ያንተ ወገን ዘመመ!»

በሩ ላይ ስንደርስ ቤቷ ቀጥ አለች።

«በጎን አዙሯት» አሉ። አዞርን። አላለፈችም። «ወዲያ አዙሯት።» አዞርን። ያው ናት። መልሰን ወለሉ ላይ አስቀመጥናትና ሜትሬን አወጣሁ። በሩ ሰማንያ ሴንቲ ነው። ቤቷ፣ አዲሱን የአትክልት ቦታ ጨምሮ፣ ሰማንያ ስምንት። ቁመቷና ርዝመቷ ከዚያም ይበልጣል። የትልቁ ቤት መስኮቶች ደግሞ በሙሉ የብረት ፍርግርግ አላቸው።

ለግማሽ ሚሊ ሜትር ብለው የሻይ ማንኪያ ሁለቴ የሚለኩ፣ በርጩማዬን በሕግ የመለሱ ክብርት ሲስተር የገዛ ቤታቸውን በር አልለኩም።

«የገባ ይወጣል ብዬ ነዋ» አሉ በመጨረሻ፣ ቀስ ብለው።

«መቼ ገባች እትዬ? እዚሁ ነው የተወለደችው!»

«አንተስ? አናጺ አይደለህ? ስትወጣ ስትገባ ምን ታይ ነበር?»

«እኔ የተጠራሁት ለቁምሳጥኑ ነው!»

«እኔ እንኳ» አሉ ጋሼ፣ «አውቶቡስ ጠባብ መንገድ ከማስገባቴ በፊት መውጫውን አያለሁ።»

ክብርት ሲስተር ዞር ብለው አዩዋቸው። ጋሼ ብርድ ልብሱን ማስተካከል ያዙ።

እኔ ወዲያው መላ አመጣሁ። «ቀላል ነው። የአትክልት ቦታውን በመጋዝ እለየዋለሁ፤ እዚያ ደርሰን መልሰን እናጣብቀዋለን። ስንጥቁን በሣሩ እንሸፍነዋለን፣ ማንም አያውቅም።» ይህ የባለሙያ ምክር ነው። አስተዋይ ሰው ሁሉ ይቀበለዋል።

ክብርት ሲስተር መዳፋቸውን በትንሿ ቤት ጣሪያ ላይ አሳርፈው ቆዩ። ልጅ ሲያተኩሰው ግንባሩን የሚነኩት እንደዚያ ነው።

«ሙጫው እስከ ነገ አይደርቅም» አሉ። «ልጆቹ ሲነኩት በእጃቸው ይመጣል። ደግሞ... መቃኑ ከወጣ ስንት ይሆናል?»

«የትኛው መቃን?»

«ይሄ። የእኔ።»

ወደ ትልቁ ቤት በር ቀና አልኩ። «ዘጠና ይሆናል። ግን እትዬ፣ ልስኑ ይረግፋል። ቤቱ ያለ በር ሊያድር ነው። ለአንድ የአሻንጉሊት ቤት ብሎ የሰው ቤት የሚያፈርስ...»

«ንቀለው።»

ጋሼን አየሁ፤ ከማን ወገን እንደሆኑ ለማወቅ። ጋሼ መዶሻዬን አንሥተው አቀበሉኝ።

በሩን ከማጠፊያው አወረድኩ። በመቃኑና በግድግዳው መሐል መፈንቀያ ብረት ከትቼ ጫን አልኩ። ምስማሮቹ እየጮሁ ወጡ፣ ልስኑ እንደ ዱቄት ተነፋ፣ ሳሎኑ በአቧራ ተሸፈነ። ያን ጊዜ ነው ጋሼ አፍንጫቸውን የያዙት።

«ደጅ! ደጅ!» ጮኹ ክብርት ሲስተር።

በየት በኩል? በሩ ላይ እኔ አለሁ፤ ከእኔ ጋር መቃኑ አለ። ጋሼ ዓይናቸው ፈጠጠ፣ ደረታቸው ተነፋ፣ በዚያ ትከሻ ልክ የተጠራቀመው ሁሉ አንድ ጊዜ ወጣ። ብርድ ልብሱ ከትንሿ ቤት ላይ ተገፎ ሄደ።

አቧራው ሰከነ። ክብርት ሲስተር ተንበርክከው መደርደሪያውን አዩ። አንዲት ሳህን እንኳ ንቅንቅ አላለችም።

«ደርቋል» አሉ። ሳውቃቸው ለመጀመሪያ ጊዜ።

ትንሿ ቤት በሁለቱም ወገን አንድ አንድ ጣት ቀርቷት ወጣች። በዚያ ሁሉ መሐል ከመቃኑ የቀረ የዛገ ምስማር መዳፌን ወግቶኝ ነበር። ሱሪዬ ላይ ጠርጌ ዝም አልኩ። ነርስ ፊት ግን ደም አይደበቅም። ከፒካፑ ላይ ሆነው ጮኹብኝ፦ «አናጺው! ነገ ጠዋት ጤና ጣቢያ!»

«ጭረት ናት እኮ እትዬ!»

«ነገ ጠዋት አልኩህ!»

አንድ ነገር ከወዲሁ ልናገር። መዶሻ አውራ ጣቴን ቢመታኝ እስቃለሁ። ጣቴን መጋዝ ሲበላኝ በጨርቅ ጠቅልዬ ሥራዬን ጨርሻለሁ። መርፌ ሳይ ግን መውጫ በር እፈልጋለሁ። ይህን ከባለቤቴ በቀር የሚያውቅ የለም ብዬ ነበር የማስበው።

ሰኞ ጠዋት መጠበቂያው ክፍል ጢም ብሏል። እናቶች አግዳሚው ላይ፣ አባቶች ግድግዳውን ተደግፈው። ከመስኮቱ ሥር ትንሿ ቤት፤ ዙሪያዋን ልጆች። ክብርት ሲስተር ጋወናቸውን ለብሰው ከክፍላቸው ብቅ ሲሉ አንዲት ሚጢጢ ልጅ አየቻቸውና ከንፈሯ መንቀጥቀጥ ጀመረ። እናቷ ቶሎ አዞረቻት። ያን ጊዜ ቤቷን አየች። ከንፈሯ ባለበት ቆመ። ቀስ ብላ ሄደች፣ እጇን ዘረጋች፣ አልጋውን ከፎቁ ላይ አነሣች።

«አይነካም» የሚለው ቃል እስከ ክብርት ሲስተር ጉሮሮ ድረስ ሲመጣ በዓይኔ አይቻለሁ። ዋጡት።

ልጅቷ አልጋውን ወደ ወጥ ቤት አወረደችው። መጥረጊያውን አልጋው ላይ አስተኛችው፣ ብርድ ልብስ አለበሰችው። ክብርት ሲስተር ዓይናቸውን ጨፈኑ፤ ከፈቱ።

«ምነው የኔ እናት፣ አልጋው ወጥ ቤት ገባ?»

«ስለሚሞቅ ነዋ» አለች ልጅቷ፣ ቀና እንኳ ሳትል።

ክብርት ሲስተር አሰቡበት። «ልክ ነሽ። እስቲ አንዱን ክንድሽን አውሺኝ።»

ልጅቷ ዓይኗን ከቤቷ ሳትነቅል ክንዷን ሰጠች። ሲወጋት «እ!» ብላ ዞራ አየች፣ እግሯን የረገጣት ሰው እንዳለ ሁሉ። ከዚያ ወደ ሥራዋ ተመለሰች፤ ሳህኖቹን በቀለም መለየት ይቀራታል።

ያላለቀሰ ልጅ የለም አልልም። አለ። አንደኛው ግን ያለቀሰው ተወግቶ ሳይሆን «በል ወደ ቤት እንሂድ» ሲባል ነው። ጥግ ላይ የቆመች እናት ነበረች፤ ክብርት ሲስተር በቅንድባቸው ጠቆሙኝ። ባለፈው ዙር ከበር የተመለሰችው ናት። ልጇ ተንበርክኮ ራሱን እስከ አንገቱ ሳሎኑ ውስጥ ከትቷል። የቀረው አካሉ ውጭ ነው። ለክትባት ደግሞ የሚፈለገው ክንድ ብቻ ነው። ሲያልቅ እናቱ ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ወሰደች። ክብርት ሲስተር ጥጥ ፍለጋ አስመስለው ጀርባቸውን ሰጡን።

«ቀጣይ! አናጺው!»

የክፍሉ ሰው ሁሉ ዞረ። በአንድ በኩል በር እንዳለ አስተውያለሁ፤ ወርዱ ይበቃኛል።

«የት ልትሄድ ነው? ቁጭ በል» አሉና የልጅ በርጩማ ገፉልኝ። ተቀመጥኩ፤ ጉልበቶቼ ጆሮዬ ጋ ደረሱ። «ፎቁን በደንብ አይተኸዋል?»

«መኝታ ቤትና ገላ መታጠቢያ አይደል?» አልኩ፣ ድምፄ እየቀጠነ።

«ከመኝታ ቤቱ ጀርባ ያለውን።»

ጎንበስ አልኩ። በመኝታ ቤቱ መስኮት አሻግሬ ሳይ፣ ከጀርባ በኩል፣ ማንም ልብ የማይለው አንድ ጠባብ ክፍል አለ። የሥራ ጠረጴዛ ቆሟል። ጠረጴዛው ላይ ጥፍር የምታህል መጋዝ፣ የእርሳስ ልጥ የመሰለ የእንጨት ፍቅፋቂ፣ በፍቅፋቂው መሐል ተረስቶ የቀዘቀዘ የሻይ ብርጭቆ። እርሳሱ ጠረጴዛው ላይ ሳይሆን ወለሉ ላይ ወድቋል፤ የእኔም ሁልጊዜ የሚገኘው እዚያ ነው። ጥግ ላይ ገና ያልተገጠመ በር ግድግዳውን ተደግፏል። ቤቴ ነው። የእኔው የሥራ ክፍል፣ የእኔው ዝርክርክ፣ አሥራ ሁለት እጅ አንሶ። በርጩማም አለበት፤ ልኩ ልክ ነው።

ስሜቴን መግለጽ አልችልበትም፤ የምችለውን ተናገርኩ።

«እትዬ፣ የበሩ ማጠፊያ የተመታው በተሳሳተ ወገን ነው። ወደ ውስጥ አይከፈትም...»

«አውቃለሁ። ይህን እስክትል ነበር የጠበቅሁህ። አልቋል፣ ክንድህን ሸፍን።»

አልተሰማኝም። ልጆቹ አጨበጨቡልኝ።

የትልቁ ቤት መቃን እስከ ዛሬ አልተገጠመም። ጋሼ በበሩ ፋንታ አንሶላ ሰቅለው «አየር እንደ ልብ ነው» ይላሉ፤ ሲያስነጥሳቸውም መንገዱ ክፍት ሆኖላቸዋል። እኔ በየሳምንቱ መጋዜን ይዤ እሄዳለሁ፤ ከክብርት ሲስተር አጠገብ ብርጭቆ ወረቀት ይዤ ተቀምጬ እገኛለሁ። ባለቤቴ «የት ነው የዋልከው?» ስትለኝ «በር ስገጥም» እላታለሁ። ውሸት አይደለም። የየትኛው ቤት በር እንደሆነ አልጠየቀችኝም።

ባለፈው ሳምንት ታዲያ ይህን ታሪክ እየጻፍኩ መሆኔን ብነግራቸው ክብርት ሲስተር ወረንጧቸውን አስቀምጠው ጋወናቸውን አስተካከሉና የሥራ ትእዛዝ እንደሚሰጥ ሰው ቆሙ።

«ለአንባቢዎችህ አንድ ነገር ንገርልኝ» አሉ። «የልጆቻቸውን ልብስ ሲያጥቡ ኪሱን ይፈትሹልኝ። ከአዝራር የማትበልጥ ቀይ ድስት ካገኙ ልጁን እንዳይቆጡት። ድስቷንም እንዳይመልሱ፤ ከወደዳት የእሱ ናት። ነገር ግን ክዳኗ እኔ ጋ ቀርቷል። ድስት ያለ ክዳን ምን ያደርግለታል? መጥተው ይውሰዱለት። ልጁንም ይዘውት ይምጡ፤ ሁለተኛው ዙር ደርሷል።»